በወላሂ የሰጠሁት የጥርስ ማንጫ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል። ልብ እያዘነ እሱ ይስቃል ለማለት ነው። የእኔ ጥርስ ግን ባዳ ሆኖ አያውቅም፤ ከልቤ ጋር አብሮ ሲያፍር ኖሯል። ሳቅ ሲመጣብኝ መጀመሪያ እጄ ይነሳል፣ የሻርፔን ጫፍ ይይዛል፣ አፌን ይሸፍናል፣ የምስቀው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዴ ሻርፑ እስኪደርስ ሳቁ ራሱ ያልፋል።

የተወለድኩት አዋሽ ነው። ወላጆቼ ከወሎ ወርደው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት የከፈቱ ሰዎች ናቸው። እኛ ልጆቹ ያደግነው በጉድጓድ ውሃ ነው፤ ጥርሳችን ወተቱን ጥሎ ዋናው ሲበቅል ቡናማ ሆኖ በቀለ። የእኔ አራቱ የፊት ጥርሶች ላይ የሻይ ዝቃጭ የመሰለ መስመር አለ፣ በመስመሩ መሃል ደግሞ እንደ ኖራ የነጣ ነጠብጣብ። እናትና አባቴ ወሎ ስላደጉ የእነሱ ጥርስ ነጭ ነው። አዋሽ እያለን ይህ ነገር አሳፍሮን አያውቅም፤ ከክፍላችን ልጆች ግማሹ እንደኔ ስለነበር ማን በማን ይስቃል? ማፈር የጀመርኩት በአሥራ አንድ ዓመቴ ክረምቱን ወሎ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ነው። አክስቴ ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ ሳለ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝና «ይቺን ልጅ ጫት ታስቅሟታላችሁ እንዴ?» ብላ እናቴን ጠየቀቻት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እናቴም ሳቀች። እኔ አፌን ገጠምኩና እስክንመለስ ድረስ ከፍቼ አላወራሁም።

ሰመራ የመጣሁት ትልቅ ሴት ሆኜ ነው። የሴት ልብስና የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ከፈትኩ፤ ሽቶ፣ ቅባት፣ ሂና፣ ሻርፕ። አፏን ሸፍና መዋቢያ የምትሸጥ ሴት ሌላ አገር ብትኖር ታስቅ ነበር፤ እዚህ ግን አቧራውና ነፋሱ ሰበብ ሆነልኝ። የኮሮና ጊዜማ ሰው ሁሉ በማስክ ሲማረር እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ተዝናንቼ አላውቅም፤ አስተግፊሩላህ። ማስኩ ሲነሳ ከልቤ ያዘነ ሰው ብትፈልጉ እኔ ነበርኩ።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። ሎሚ በጨው ቀባሁ፣ የተፈጨ ከሰል አሸሁ፣ ቤኪንግ ፓውደር በውሃ ለውሼ ፈተግኩ፣ በሲዋክ መፋቂያ ድዴ እስኪደማ ፋቅኩ። በሳምንቱ በመስታወት ሳይ ጥርሴ ትንሽ የነጣ ይመስለኛል፤ በሁለተኛው ሳምንት ያው ነው። መጨረሻ ላይ የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነ ደንበኛዬ በቱቦ ያለ የጥርስ ማንጫ ጄል በካርቶን አመጣልኝ። ማሸጊያው ላይ ለግማሽ ሰዓት ቀብተሽ ታጠቢ ይላል። ለግማሽ ሰዓት ቀባሁት፣ ምንም የለም። ጨከንኩና ቀብቼው አደርኩ። ጠዋት ድዴ ነጭ ሆኖ ተገሽልጦ ነበር፤ ቀዝቃዛ ውሃ ስጎነጭ እስከ ጆሮዬ ነዘረኝ። ቡናማው ካለበት ንቅንቅ አላለም፣ የኖራ ነጠብጣቡ ግን ነጣ፤ ድሮ ተቀራርበው የነበሩት ሁለት ቀለማት አሁን ተጣሉ። በዚያ በሰመራ ሙቀት አንድ ወር ሙሉ ለብ ያለ ውሃ ስጠጣ ከረምኩ። የተረፉትን ቱቦዎች መጣል አሳዘነኝና መደርደሪያ ላይ ከሽቶው ጎን ደረደርኳቸው።

አሁን ስለ ጎረቤቴ ልናገር። ከሱቄ ጀርባ የምትኖር፣ በዕድሜ እናቴን የምታህል አፋር ሴት ናት። ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋት ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቁጭ ትላለች፤ እጄን ትይዛለች፣ ስለ ቤተሰብ ጤና እንጠያየቃለን፣ ከዚያ ዳጉ ይከተላል። ዳጉ እነሱ ሲገናኙ ወሬ የሚለዋወጡበት ወግ ነው። «ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?» ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ጨዋታ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን በጅቡቲ መንገድ፣ ዲቾቶ ላይ ተሳቢ መኪና ተገልብጧል ብዬ ስነግራት «አየሽ ወይስ ሰማሽ?» ብላ አስቆመችኝ። ሰማሁ አልኳት። ከማን? ከመኪና ረዳት። ረዳቱስ አይቷል? ይህን ሁሉ ሳታጣራ ወሬዬን ወደ ሌላ ሰው ይዛው አትሄድም። ያየሁትንና የሰማሁትን መለየት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ያየሁትን ስነግራት ግን ያለ ጥርጥር ትቀበለኛለች፤ በዚያ ከተማ ቃሌን እንደዚያ የሚቀበል ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ልጇ የዚያን ዓመት ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቃ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ሰመራ ከመምጣቱ በፊት እዚያው እኛው አገር፣ አዋሽ አካባቢ ነው ያደገችው፤ ጥርሷም እንደ እኔው ነው። ማስተማር ልትጀምር ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ልጆቹ ይስቁብኛል ብላ እንቅልፍ እንዳጣች እናትየዋ ነገረችኝ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ቀና ብላ አየችና ስለ ቱቦው ጠየቀችኝ።

«ይሄ ነገር ይሠራል? ያየሽው ሰው አለ?»

ያየሁት ሰው ነበር፤ እኔው። ማለት የነበረብኝ አጭር ነው። ሞክሬዋለሁ፣ አቃጠለኝ እንጂ አላነጣኝም፣ ይኸው እዪው። ነገር ግን ይህን ለማለት ሻርፔን ማውረድ ነበረብኝ። በዚህ ዕድሜዬ በር ቆልፌ ጥርሴን ስቀባ እንደማድር መናገር ነበረብኝ። አፌ ሌላ መንገድ ይዞ ሄደ።

«አለ» አልኳት። «አዋሽ አንዲት ሴት አውቃለሁ። ጥርሷ ከልጅሽ የባሰ ነበር፤ አሁን ወተት ነው የመሰለው።»

«በዓይንሽ አየሽ?»

«ወላሂ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። ሁለት ቱቦ ያለ ክፍያ ሰጠኋት፤ ይህን ያደረግኩት ደግነት ነው ብዬ ራሴን አሞኘሁ። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ራሷ መጣችና አጠቃቀሙን ጠየቀችኝ። ግማሽ ሰዓት ብላት እንደ እኔ ምንም እንደማታይ አውቃለሁ፤ ካልሠራላት ደግሞ የአዋሿ ሴት ውሸት ሆና ትወጣለች። ስለዚህ የእኛ አገር ጥርስ ጠንካራ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይደር አልኳት። በፊት በሎሚ ብታሺው ደግሞ ቶሎ ይይዛል ብዬ ጨመርኩላት። ሎሚውን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ውሸት ሲጀመር ለጋስ ያደርጋል መሰለኝ።

ልጅቷ አምስት ሌሊት ቀብታው አደረች። በስድስተኛው ቀን እናቷ ለዳጉ አልመጣችም፤ እኔ ሄድኩ። ልጅቷ ጉልበቷን አቅፋ ግድግዳ ተደግፋለች። ከንፈሯ አብጧል፣ ድዷ የእኔው እንደነበረው ነጭ ሆኖ ተልጧል፣ ትንፋሽ እንኳ ወደ ውስጥ ስትስብ ታለቅሳለች። ቡናማው ካለበት አልሄደም። ነጠብጣቡ ግን እንደ ኖራ ፈክቶ ከሩቅ ይታያል። ትምህርት ሊጀመር ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶ ነበር።

ሆስፒታል ወሰድናት። የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ቁጣዋንም ርኅራኄዋንም አትደብቅም። ቱቦውን ገልብጣ አየችና በምን እንደመጣ ጠየቀች። በጭነት መኪና አልኩ። ድንበር ላይ ስንት ቀን ቆመ? የት ተቀመጠ? ቆርቆሮ ሥር፣ መደርደሪያ ላይ። ራሷን ነቀነቀች። ይህ ጄል ቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጥ ነው፣ ሙቀት የሚያነጣውን ኃይሉን ይበላዋል፣ ከዚህ በኋላ የሚቀረው አብዛኛው ማቃጠል ነው አለችን። እሱ እንኳ ደህና ቢሆን ልክ ባልተወሰደለት ጥርስ ላይ ሲቀባ ወደ ድድ ይፈሳል፤ ሎሚ ደግሞ የጥርሱን ልባስ ያሳሳዋል፣ ከሰልና ጨው ይፍቁታል፣ የሳሳ ጥርስ ላይ የሻይ ቀለም እንዲያውም ቶሎ ይይዛል።

ትልቁን ነገር ግን መጨረሻ ላይ ነው የነገረችን። ይህ ቀለም ከላይ የተቀባ አይደለም። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ ልጅ ሳለን በጠጣነው ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ አብሮት የተሠራ ነው። ስለዚህ መፈተግ አያወጣውም። ማንጫው ነጩን ነጠብጣብ የባሰ ያነጣዋል፣ ቡናማው ባለበት ይቀራል፤ ልዩነቱ ይጎላል። እንዲሻሻል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የተቦረቦረ ጥርስ እንዳለው ይታይ፣ በሐኪም ይታጠብ፣ ከዚያ ለራሱ ጥርስ ልክ በተሠራ ማቀፊያ፣ ለተባለው ሰዓት ብቻ፣ ከነዘረው ቀን እየዘለለ፣ በእነዚያ ቀናት ሻይ ቡናና ጫት እየተወ ይሞክር፤ ለውጡም ትንሽ ሊሆን እንደሚችል ይወቅ። ጥልቅ ለሆነው ላዩን በስሱ ፍቆ በጥርስ ቀለም የሚሸፍን ሕክምና አለ፤ እሱ የሚገኘው ትልቅ ከተማ ነው። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሆነ ተጠንቀቁ፣ ጥርስ ሲበላሽ የሚበላሸው ያኔ ነው አለች።

ከዚያ እናትየዋን ማን እንዲህ አድርጉ እንዳላት ጠየቀቻት። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። እናትየዋ ወደ እኔ አላየችም።

«ሰምተን ነው» አለች።

እውነቷን ነው፤ እሷ ሰምታ ነው። ሐኪሟ አተኩራ አየችኝ። ከሻርፑ በላይ ምን እንዳየች አላውቅም፣ ምናልባት ዓይኔን። አንቺም የዚያ አካባቢ ሰው ነሽ አይደል፣ አፍሽን ልየው አለችኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ አስታማሚ ነኝ አልኳት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው። የልጅቷ አፍ በእኔ ምክንያት ተቃጥሎ አጠገቤ እያለቀሰች፣ የእኔን አፍ ለሐኪም እንኳ ማሳየት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቴ ጠዋት በሱቄ በር ማለፏን አልተወችም። ትቆማለች፣ እጄን ትይዛለች፣ ሰላም ነሽ ትላለች፣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ከዚያ ትሄዳለች። በመጀመሪያው ቀን ቸኩላ መሰለኝ። በሁለተኛው ቀን የሙቀቱ ነገር ነው አልኩ። በአራተኛው ቀን ገባኝ፤ ምን አየሽ ምን ሰማሽ አትለኝም። አልተቆጣችኝም፣ አልሰደበችኝም፣ ሰላምታዬንም አልነሳችኝም። ወሬዬን ብቻ አትፈልገውም። በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ወሬዬ ግን እኔን አልጠበቀም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ልጅቷ ሳትቃጠል በፊት በዳጉ ወጥቶ ሄዶ ኖሯል። ከሎጊያ፣ ከአሳይታ፣ ከዲቾቶ ሳይቀር ሴቶች ይመጡ ጀመር፤ የአዋሿን ሴት ያነጣውን መድኃኒት ይላሉ። አንዷ ወሬዬን መልሳ ለእኔው ነገረችኝ። በእሷ አነጋገር የአዋሿ ሴት ጥርሷ ነጥቶ ጥሩ ባል አግብታለች። አላገባሁም፤ ግን መልካም ምኞት ነው። ለሁሉም አልቋል አልኳቸው። አይሠራም ብል ከየት አወቅሽ ይሉኛላ።

አልቋል ማለቴን ያስቆመችኝ ከአሳይታ የመጣች አንዲት እናት ናት። አልቋል ስላት አዘነችና፣ እስኪመጣ ድረስ የሰባት ዓመት ልጄን በሎሚው ብቻ እያሸሁላት ነው አለችኝ። ሎሚው ማለት የእኔ ሎሚ፣ ለልጅቷ የጨመርኩት። ቆዪ አልኳት። ሎሚውን አቁሚ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ ልጅሽን ሐኪም ቤት ወስደሽ አሳዪያት አልኳት። ለማመን አመነታች፤ ወሬውን የሰማችው ከታመነ ሰው ነው። ያኔ አንድ ሰው ብቻ ይህን ወሬ ሊመልሰው እንደሚችል ገባኝ።

የአስር ሶላት ከሰገድኩ በኋላ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። ሰሌን እየሠራች ነበር። ዳጉ ይዤ መጥቻለሁ አልኳት። ሰሌኑን አስቀመጠች፤ የመጣ ወሬ አይገፋማ። ሻርፔን አወረድኩ። ጉንጬ ሲነድ ይሰማኛል።

«ያቺ የአዋሽ ሴት እኔ ነኝ» አልኳት። «ጥርሴ ይኸው ነው። አቃጠለኝ እንጂ አላነጣኝም። ወላሂ ያልኩት ውሸቴን ነው። አፉ በይኝ።»

አላቋረጠችኝም፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ረጋ ብላ ተናገረች።

«ጥርስሽን ሱቅ የከፈትሽ ሰሞን ነው ያየሁት። ሌላ ሰው ሳልጠይቅ አንቺን የጠየቅኩሽ ለዚያ ነው። አንቺስ ለምን አልተቀባሽውም ልልሽ ነበር፤ ታፍሪያለሽ ብዬ ተውኩት።»

እኔ በውሸት የሸፈንኩትን እሷ በዝምታ ሸፍናልኝ ነበር። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ይህን ወሬ ይዛው እንደማትቀመጥ፣ በፊተኛው መንገድ ተከትሎ መሄድ እንዳለበት ነገረችኝ። ይሂድ አልኳት።

ሄደም። አሁን ሎጊያ ባጃጅ ስጠብቅ የማላውቃት ሴት እጄን ይዛ ደህንነቴን ትጠይቅና በጥርስ የማለችው አንቺ ነሽ ትለኛለች። እኔ ነኝ እላለሁ። አፌን እከፍታለሁ፣ የፍየል ዕድሜ እንደሚያይ ሰው ጎንበስ ብላ ታየዋለች፣ ሐኪሟ ያለችውን እነግራታለሁ። ሻርፔ አሁንም ሳላዘው ይነሳል። እፍረቱ አልለቀቀኝም።

አንድ ነገር ግን በዳጉው ውስጥ የለም፤ እናትየዋ አልሰማችውም። ውሸቴን ለእናቷ በነገርኩበት ቀን ተሰናብቼ ስወጣ ልጅቷ እስከ ግቢው በር ተከተለችኝ። ማስተማር የጀመረችው ዘግይታ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን በአፏ ጥግ ነበር የምታወራው፣ የፊቶቹ ሁለቱ ስለሚነዝሯት። ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«ሌሊቱን ሙሉ ይደር ስትዪኝ» አለችኝ፣ «እንደሚያቃጥል ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኳት።

የምትለኝን ቆሜ ጠበቅኩ። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።